አንዱ ጎማ ሲሽከረከር ሌላው ለምን ይቆማል?

ክረምት ላይ ጭቃ የያዘው ሚኒባስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ አንዱ የኋላ ጎማ ጭቃ እየረጨ ይሽከረከራል። ደረቅ መሬት ላይ ያለው ሌላኛው ግን ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ጉልበት አላነሰውም እኮ! ታዲያ ጉልበቱን መሬት መያዝ ለሚችለው ጎማ ለምን አይሰጠውም?

ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ የዲፈረንሻሉ ነው። ዲፈረንሻል በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል የተቀመጠ የማርሽ ስብስብ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በጎማዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ቢኖር፣ መኪናው ዞሮ ወደመጣበት አቅጣጫ ሲመለስ ልዩነቱ 4.7 ሜትር ገደማ ይሆናል (1.5ን በፓይ አባዙት)። የሚገርመው፣ ዙሩ ጠበበም ሰፋም ልዩነቱ ያው ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ቢጣበቁ አንዱ እየተጎተተ መንሸራተቱ አይቀርም።

ስለዚህ ዲፈረንሻሉ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል፤ የመጠምዘዝ ኃይሉን ግን እኩል ነው የሚያካፍለው። ጭቃ ላይ ያለው ጎማ 50 ኒውተን ሜትር ብቻ መቀበል ከቻለ፣ ለሌላውም የሚደርሰው 50 ነው። ደካማው ይወስናል ማለት ነው።

ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ የሚያዞርበት ፈጣን መኪናም አስፋልት ላይ ያው ችግር ይገጥመዋል። ኩርባ ሲይዝ ክብደቱ ወደ ውጪ ስለሚያጋድል የውስጠኛው ጎማ ይቀለዋል፤ ነዳጅ ሲሰጠው በባዶው ይሽከረከራል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለ 16 ሲሊንደር ሞተራቸውን ከሾፌሩ ጀርባ የተሸከሙት የአውቶ ዩኒየን የውድድር መኪኖች በዚህ ተቸግረው ነበር። ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለውን፣ መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል ሠራላቸው።

አንዱ ዓይነት እንደ ፍሪሲዮን ሸራ የሚፋተጉ ሳህኖች አሉት። ሌላው፣ ቶርሰን የሚባለው፣ በጠመዝማዛ ጥርሶች ይሠራል። ሁለቱም ከሚፈጥነው ጎማ ቀንሰው ለሚዘገየው ይጨምራሉ። የቶርሰኑ ማካፈያ 3 ለ 1 ነው እንበል፤ አንዱ ጎማ 50 ሲቀበል ሌላው እስከ 150 ያገኛል። አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን 3 ጊዜ ዜሮ ያው ዜሮ ነው!

አሁን ዋናው ነገር። የአንድ ጎማ መሬት የመያዝ አቅም 100 ብር ነው እንበል። 80 ብሩን ወደፊት ለመግፋት ካወጣ፣ ወደ ጎን ላለመንሸራተት የሚቀረው 20 ሳይሆን 60 ነው (ፓይታጎረስን አስታውሱ፦ የ80 እና የ60 ካሬ ሲደመር የ100 ካሬ ነው)። መቶውንም ለመግፋት ካወጣ ለጎን ምንም አይቀረውም።

በተራው ዲፈረንሻል የውስጠኛው ጎማ ሲሽከረከር መኪናው ጉልበት ያጣል፤ የውጪው ጎማ ግን ብሩን ስላልጨረሰ የመኪናውን ጅራት ይዞ ያቆያል። ስንፍናው ሳያስበው ይጠብቃችኋል። ሊሚትድ ስሊፑ ግን ለውጪው ጎማ ጉልበት ይጨምርለታል። መኪናው ከኩርባው ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ የውጪው ግፊትም አፍንጫውን ወደ ውስጥ ያዞርለታል። ነዳጁ ከበዛ ግን ሁለቱም ጎማዎች አንድ ላይ ይለቃሉ፣ ጅራቱም ወደ ውጪ ይወጣል። ዝናብ ላይ ይሄ በቅጽበት የሚሆን ነገር ነው። በተቃራኒው ነዳጁ ሲቀንስ ሁለቱ ጎማዎች እኩል መዞር ስለሚፈልጉ መኪናው ለመታጠፍ ያንገራግራል። መሪው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁለቱንም ጠባይ ማወቅ አለበት።

ዛሬ ብዙ መኪኖች ተራውን ዲፈረንሻል በዘዴ ያታልሉታል። ኮምፒውተሩ የሚሽከረከረውን ጎማ ብቻ በፍሬን ይይዘዋል። ፍሬኑ 100 ኒውተን ሜትር ከተቃወመ፣ ያ ጎማ ከ50 ይልቅ 150 ይቀበላል፤ ሌላውም እኩል 150 ይደርሰዋል። ጭቃ ላይ ጥሩ ነው። ውድድር ላይ ግን ፍሬኑ ቶሎ ይግላል፣ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ለዚህ ነው ሳህኖቹና ጠመዝማዛ ጥርሶቹ እስካሁን ያልቀሩት።