ሳልሞን በብርድ ውሃ፦ የጥመዳው ወራት ሲከፈት ወንዙ ምን ይመስላል?

ዓሣ ማጥመድ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታሰበን ትል በመንጠቆ ሰክቶ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ መጠበቅ ነው። በስኮትላንድ ወንዞች በዝንብ የሚደረገው የሳልሞን ጥመዳ ግን ከዚህ የራቀ ነው። መንጠቆው በላባና በጠጉር ተሸፍኖ «ዝንብ» ይባላል እንጂ ዝንብ አይደለም። ዓሣውም ከባሕር ወጥቶ ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ አይበላም። የማይበላ ዓሣ በሐሰት ምግብ እንዴት ይያዛል? ቢሉ፣ ገሚሱ ቁጣ ነው ይላል፤ ገሚሱ በባሕር የለመደው አመል ነው ይላል። እኛ በዚህ ክርክር አንገባም። የምንጽፈው ስለ ውሃው ነው፤ ምክንያቱም በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ዓሣው የት እንደሚገኝና ለዝንቡ መነሣት አለመነሣቱን የሚወስነው ከአጥማጁ ብልኀት ይልቅ የወንዙ ሁኔታ ነው።

የጥመዳው ወራት በየወንዙ ልዩ ልዩ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ቴይ በጃንዋሪ 15፣ ዲና ትዊድ በፌብሩዋሪ 1፣ ስፔይ በፌብሩዋሪ 11 ይከፈታሉ። በቴይ የመክፈቻው ዕለት የስኮትላንድ የከረጢት ዋሽንት እየተነፋ ውስኪ በጀልባ ላይ ይፈስሳል፤ በእሑድ ቀን ግን ሳልሞን ማጥመድ በመላው ስኮትላንድ በሕግ የተከለከለ ነው። በዚህ ጊዜ አገሩ ገና በብርድ ላይ ነው። ወንዙ ዳር ዳሩን በረዶ ይዞ፣ አንዳንድ ቀንም ፍርክስካሽ በረዶ በውሃው ላይ ተንሳፎ ሲወርድ ይታያል። ይህ በሆነበት ቀን ገመዱ በረዶ ስለሚይዝ፣ ዝንቡም ወደታች ስለማይደርስ፣ አጥማጁ እሳት ዳር ቢቀመጥ ይሻለዋል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው የውሃው ሙቀት ነው። ዓሣ እንደ ሰው የራሱን የሰውነት ሙቀት ጠብቆ የሚኖር ፍጥረት አይደለም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ እርሱም ይቀዘቅዛል፤ ጡንቻውም ይፈዝዛል። ውሃው ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ሳልሞን ፏፏቴና ግድብ ዘሎ ለማለፍ አይደፍርም። ስለዚህ በብርቱ ክረምት ከባሕር የመጡት ዓሦች በወንዙ የታችኛው ክፍል፣ ከመጀመሪያው ትልቅ መሰናክል በታች፣ ተከማችተው ይቆያሉ። በተመል ወንዝ ላይ በፒትሎክሪ ግድብ 34 ክፍሎች ያሉት የዓሣ መሰላል ተሠርቷል፤ ነገር ግን መሰላሉ ቢኖርም ውሃው ካልሞቀ የሚወጣበት ዓሣ ጥቂት ነው። ክረምቱ ለስላሳ ሲሆን ደግሞ ዓሦቹ ሳይቆሙ ወደ ላይ ያልፋሉ፤ የታችኛውን ዳርቻ በብዙ ገንዘብ የተከራየው ሰው ባዶ ውሃ ሲመታ ይውላል። ሌላው እስኪያዝንለት ድረስ ቴርሞሜትሩን የሚመለከተው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የተራራው በረዶ ነው። በአገራችን ወንዝ የሚሞላው በክረምት ዝናብ ነው፤ ሙላቱም አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። የዲ ወንዝ ግን ከኬርንጎርም ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1200 ሜትር ከፍታ ገደማ የሚነሣ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሃውን የሚቀበለው በአብዛኛው ከበረዶ ነው። በረዶው ለወንዙ እንደ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ጥቂት በጥቂት ሲቀልጥ ወንዙ እስከ ሜይ ድረስ መልካም መጠን ይዞ ይቆያል። በአንድ ሳምንት ሞቃት ነፋስና ዝናብ ተባብረው ካቀለጡት ግን ታላቅ ጎርፍ ይሆንና ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ በኤፕሪል ወንዙ ድንጋዩን አስጥቶ ይታያል። ቴይ ከዚህ ይለያል፤ በብሪታንያ ከሁሉ የሚበልጠውን ውሃ የሚያፈስሰው እርሱ ሲሆን፣ ሐይቆችና ግድቦች ስላሉበት ሙላቱም ጉድለቱም እንደ ዲ ድንገተኛ አይደለም።

የበረዶ ውሃ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ፀሐይ ስትወጣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ያችው ፀሐይ በተራራው ላይ ያለውን በረዶ ታቀልጠውና፣ ከቀትር በኋላ ወንዙ ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲልም ይቀዘቅዛል። በማለዳ 5 ዲግሪ የነበረው ውሃ ወደ ማታ 3 ሊሆን ይችላል። አጥማጆች ዓሣው በዚህ ሰዓት አፉን ይዘጋል ይላሉ። በጠቅላላው እየጨመረ ከሚሄድ ውሃ ይልቅ ሞልቶ እየጎደለ ያለ ውሃ ይመረጣል። የውሃውም መልክ ሻይ ቢመስል አያስፈራም፤ ከተራራው ረግረግ የሚወጣ ቀለም ነውና። ጭቃ የያዘ ከሆነ ግን ዓሣው ዝንቡን ስለማያየው ልፋቱ ከንቱ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ አሠራሩ በራሱ ይከተላል። በብርድ ውሃ ዓሣው ኃይሉን ለመቆጠብ ከፈጣኑ ጅረት ሸሽቶ ዝግ ብሎ በሚሄደው ጥልቅ ውሃ ስለሚተኛ፣ ዝንቡ ትልቅና ከባድ ሆኖ፣ በሚሰጥም ገመድ ወደታች ወርዶ፣ ከአፍንጫው ፊት በዝግታ ማለፍ አለበት። አጥማጁ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ እስከ 15 ጫማ የሚደርስ ዘንግ ይዞ ወደ ማዶ በስተታች አግድም ይወረውራል፤ ዝንቡ ወንዙን አቋርጦ ከዳር ሲደርስ አንድ ሁለት እርምጃ ወርዶ እንደገና ይወረውራል። ውሃው 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል፤ ገመዱ ተንሳፋፊ፣ ዝንቡ ትንሽ ይሆናል። ይህን ዘዴ በዲ ወንዝ በኬርንተን አርተር ውድ የተባለ አጥማጅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አስፋፍቶታል፤ ገመዱን ቅባት ቀብቶ ያንሳፍፈው ነበርና።

በእንዲህ ያለ ውሃ እስከ ወገብ ገብቶ መቆም ቀልድ እንዳልሆነ መናገር አያስፈልግም። የወደቀ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ እጁ አልታዘዝ ይለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀት እንምጣ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚገባው የጸደይ ሳልሞን ብዙውን ጊዜ በባሕር ሁለት ወይም ሦስት ክረምት ያሳለፈ ነው፤ በፌብሩዋሪ የገባው እንቁላሉን የሚጥለው በኖቬምበር ገደማ ስለሆነ ዘጠኝ ወር ያህል ሳይበላ በስቡ ብቻ ይኖራል። ይህ ወገን እጅግ ቀንሷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዲሴምበር 2023 የአትላንቲክ ሳልሞን በዓለም ከ2006 እስከ 2020 በ23 ከመቶ መቀነሱን ገልጾ፣ በብሪታንያ ያለው ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ መሆኑን አስታውቋል። ክረምቱ እየሞቀ፣ በረዶው እያነሰ ሲሄድ ከላይ የተናገርነው ጎተራ ይራቆታል፤ በበጋም ወንዙ ይቀጥናል፤ ይሞቃል። ስለዚህ በዲ ገባሮች ዳር ለጥላ የሚሆኑ ዛፎች ይተከላሉ። እኛም በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የሳልሞን ዘመድና ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ መሆኑን ስናስብ፣ የደጋ ዛፍና የወንዝ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይመስለንም።

በስኮትላንድ ከ2015 ጀምሮ ከኤፕሪል 1 በፊት የተያዘ ሳልሞን ሁሉ በሕይወቱ መለቀቅ አለበት። እንቁላሉን ጥሎ ከስቶ ወደ ባሕር የሚመለሰው፣ ኬልት የሚሉት፣ ዓሣም በዚሁ ወራት ዝንቡን ይይዛል፤ እርሱንም መግደል ክልክል ነው። አንዳንዶች የሚለቀቅ ከሆነ ለምን ይጠመዳል? ይላሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዳርቻውን የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ በከፊል ከአጥማጆቹ ኪራይ የሚወጣ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ደግነቱ የብርድ ውሃ ለሚለቀቅ ዓሣ ይመቻል፤ ውሃ በቀዘቀዘ መጠን የሚይዘው ኦክሲጅን ይበዛልና። ዓሣው ከውሃ ሳይወጣ መንጠቆው ይነቀላል፤ ፊቱ ወደ ጅረቱ ዞሮ፣ ሆዱ በእጅ ተደግፎ፣ ጅራቱ በራሱ መምታት እስኪጀምር ድረስ ይያዛል። አንዳንዴ ይህ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ የአጥማጁም ጣት ይደነዝዛል።