ያ አውቶቡስ ቢያመልጣትስ?
(ስለ ጊዜ ተጓዦች በሚተርክ ተከታታይ ፊልም ላይ የቀረበ አስተያየት)

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ ፊልም ነው። “ችግራችን አንሶ ደግሞ ፊልም?” የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ግን ትንሽ ታገሱን፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ እኛው ቤት ይገባል።

እንደሚታወቀው ሞያሌ ላይ ዘመን መዝለል ብርቅ አይደለም። ከወዲያኛው ሞያሌ ተነስቶ ኬላውን ያለፈ ሰው፣ የጫማውን አቧራ ሳያራግፍ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደፊት ይሄዳል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ተኩስ ሸሽተው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ ሲሻገሩ፣ እዚህ ቀኑ የተጻፈው ማርች 2018 ተብሎ ነው። ሰዓቱ ግን አያጣላንም፤ ጎረቤታችን በስዋሂሊ “ሳአ ሞጃ” ሲል እኛም አንድ ሰዓት እንላለን።

በሃይማኖት መጻሕፍትም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አቤሜሌክ በለስ ይዞ ከዛፍ ሥር 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ በለሱ አልጠወለገም፣ ከተማው ግን ተለውጧል። በቁርኣንም የዋሻው ባልደረቦች 309 ዓመት ተኝተው ሲነቁ አንድ ቀን ያደሩ መስሏቸው ነበር። በሁለቱም ታሪክ ግን ሰው የሚሄደው ወደፊት ብቻ ነው። ወደኋላ የተመለሰ የለም። ፊልሙ ደግሞ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፦ ቢመለስስ?

ፊልሙ ምንድነው?

“ዶክተር ሁ” ይባላል። የእንግሊዙ ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963) ነው። ዶክተር የሚባለው ገጸ ባሕርይ ከውጭ ሲያዩት የፖሊስ ስልክ ሳጥን በሚመስል፣ ከውስጡ ግን አዳራሽ በሚያክል ሰማያዊ ነገር ውስጥ ሆኖ ከዘመን ዘመን ይጓዛል። ሞት ሲደርስበት መልኩን ስለሚቀይር ተዋናዮቹም ይለዋወጣሉ። በ2018 ተራው የሴት ሆነና ጆዲ ዊታከር ተጫወተችው።

ተማሪዎቻችን በሚሞሪ ካርድ ካመጧቸው ክፍሎች አንዱን እኛ መምህራን ከጥቂት ወላጆች ጋር ሆነን በላፕቶፕ አየነው። ርእሱ “ሮዛ” ነው። የጻፉት የልጆች መጻሕፍት ደራሲዋ ማሎሪ ብላክማንና ክሪስ ቺብናል ሲሆኑ፣ የታየውም ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018) ነው።

ዶክተሯና ሦስት ጓደኞቿ በ1955 አሜሪካ፣ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ይደርሳሉ። ጥቁርና ነጭ በአውቶቡስ ተለያይቶ የሚቀመጥበት ዘመን ነው። ከጓደኞቿ አንዱ ራያን የሚባል ጥቁር ወጣት ነው። አንዲት ነጭ ሴት የጣለችውን ጓንት አንስቶ ሊሰጥ ሲል ባሏ በጥፊ ይመታዋል። እዚህ ላይ ቤቱ ጸጥ አለ። ለደግነት ጥፊ መቀበል ምን እንደሆነ ከመሀላችን የማያውቅ የለም።

ከሩቅ ዘመን የመጣ ክራስኮ የሚባል ወንጀለኛም አለ። ዓላማው ልብስ ሰፊዋ ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ተሳፋሪ ወንበሯን አልለቅም ያለችበትን ቀን ማጥፋት ነው። ሰው እንዳይገድል አእምሮው ውስጥ ማገጃ ተደርጎበታል። ስለዚህ ሽጉጥ አይመዝም። የአውቶቡሱን የጊዜ ሰሌዳ ይለውጣል፣ ሾፌሩ ከሥራ እንዲቀር ያደርጋል። ይኸው ነው። አንድ ወላጅ “እንዴ፣ ይሄ ሰውዬ ቢሮ ሠርቶ ያውቃል” ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። በአንድ ወረቀት የሰው ዕድል እንደሚታጠፍ በራሽን ካርድና በኢንተርቪው ቀጠሮ እናውቀዋለና።

ክርክሩ

ተጓዦቹ የክራስኮን ተንኮል አንድ በአንድ ያከሽፋሉ። መጨረሻ ላይ ግን ከባዱ ነገር ይመጣል። አውቶቡሱ ካልሞላ ሾፌሩ ሮዛን ተነሺ አይላትም። ስለዚህ ዶክተሯና ሁለቱ ጓደኞቿ ወንበር ይዘው መቀመጥ፣ ፖሊስ ሲወስዳትም ዝም ብለው ማየት ግድ ይሆንባቸዋል። ነጩ ግራም የዚህ ነገር አካል መሆን አልፈልግም ብሎ ይለምናል፤ መቅረት ግን አይችልም።

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዲት እናት “ጊዜን የሚመልስ ነገር ይዘው ቁጭ ብለው ያያሉ? እግዜር ይይላቸው!” አሉ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ “እኔ ብሆን ጎማውን አስተነፍስ ነበር” አለ። ሌሎች “ያን ቀን ካተረፏት የኋላው ድል በምን ይመጣል?” ሲሉ ተከራከሩ።

እኛ ፊልሙን ወደነዋል። አንድ ቅሬታ ግን አለን። ፊልሙ ታሪክ ሁሉ በአንድ አውቶቡስ ላይ እንደተንጠለጠለ አድርጎ ያሳያል። እውነተኛው ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም።

ሮዛ ፓርክስ ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊ የሆነችው በ1943 ነው። በዚያው ዓመት ያው ሾፌር፣ ጄምስ ብሌክ፣ ከአውቶቡስ አስወርዷት ነበር። እምቢ ከማለቷ ጥቂት ወራት በፊት፣ በ1955 ክረምት፣ በቴነሲ በትግል ዘዴ ላይ የተሰጠ ሥልጠና ተካፍላለች። ከእሷም በፊት ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ ማርች 2 ቀን 1955 ወንበሬን አልለቅም ብላ ታስራለች። በእኛ አቆጣጠር ብናሰላው የካቲት 23 ቀን 1947፣ የዓድዋ ዕለት ሆኖ አገኘነው! የሮዛ ዲሴምበር 1 ደግሞ ኅዳር 21 ቀን 1948፣ የኅዳር ጽዮን ዕለት ነው።

ሮዛ በታሰረችበት ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች የኮሌጅ መምህርት፣ ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር፣ አውቶቡስ አትሳፈሩ የሚል ወረቀት በአሥር ሺዎች ስታባዛ አደረች። ስቴንስል ያባዛ መምህር ድካሙን ያውቀዋል። ሕዝቡም 381 ቀን በእግሩ እየሄደ፣ መኪና ያለውም እያሳፈረ ሥራ ገባ። በመጨረሻም ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአውቶቡስ መለያየት ሕገ ወጥ ነው አለ።

እንግዲህ ክራስኮ ቢሳካለትና ያ አውቶቡስ ቢያመልጣትስ? በእኛ እምነት ሌላ አውቶቡስ፣ ሌላ ሾፌር፣ ምናልባትም ሌላ ሴት ትገኝ ነበር። ወረቀቱን የምታባዛው መምህርት፣ በእግሩ የሚሄደው ሕዝብ ተዘጋጅቶ ነበርና።

ለእኛስ?

በየቤቱ የምንሰማው ወሬ ይታወቃል። “ያን ቀን መኪናው ባያመልጠን”፣ “ስማችን ዝርዝሩ ላይ ቢወጣ”፣ “በኢንተርቪው ቀን ባልታመም ኖሮ”። አንዳንዱ ቁጭት መልስ የለውም። የሞተብንን ሰው የሚመልስ ሰማያዊ ሳጥን የለም፣ ይህን በፊልም ማስተዛዘን አንችልም። ሌላው ግን ያመለጠ አውቶቡስ ነው። ፋይሉ የዘገየበት አባት ልጁን “ተወው፣ የእኛ ነገር አልቋል” ብሎ ከትምህርት ቤት ቢያስቀረው፣ ክራስኮ ያልቻለውን ሥራ ጨረሰለት ማለት ነው። ቀጣዩ አውቶቡስ ሲመጣ የሚሳፈር ሰው አይኖርማ።

አንድ ነገር እንጨምር። ከ2023 እስከ 2025 ዶክተሩን ሆኖ የተጫወተው ሹቲ ጋትዋ በ1992 ኪጋሊ የተወለደ ነው። ቤተሰቦቹ በ1994 ከሩዋንዳው እልቂት ሸሽተው ስኮትላንድ ሲገቡ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ቤቱ ይህን ሲሰማ፣ ጎማ አስተነፍሳለሁ ያለው ተማሪያችን “ስደተኛ ነው?” ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ።

ውድ አንባብያን፣ የጊዜ መኪናው ለአንድ ቀን ቢሰጣችሁ ወደየትኛው ቀን ትሄዳላችሁ? እዚያ ደርሳችሁስ ምን ትነኩ ነበር፣ ምንስ ሳትነኩ ትመለሱ ነበር? ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ጻፉልን። መጻፍ የማይችሉ አረጋውያን ይናገሩ፣ ልጆቹ ይጻፉላቸው። ወረቀቱን ለክፍል መምህራቸው ይስጡ፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

እስከዚያው ቸር ያገናኘን።