ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

አሜሪካ እንደገባን የተሰጠንን የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ «ቁጥሩን ለማንም እንዳታሳዩ» ተብለን ቆልፈንበታል። ያንኑ ቁጥር ግን እዚሁ አትላንታ የሚገኘው የብድር ታሪክ መዝጋቢ ኤክዊፋክስ ይዞታል። በ2017 ሌቦች ገብተው የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ዘረፉት።

ዘበኛ አልነበረም እንዳይባል፣ ድርጅቱ የመረጃ ደኅንነት ዋና ኃላፊ ነበረው። በማርች ወር መንግሥት አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቀዳዳ እንዳለው አስጠነቀቀ፤ በ48 ሰዓት ይደፈን የሚል ትእዛዝም በድርጅቱ ውስጥ ተላለፈ። አንዱ ቀዳዳ ግን ሳይደፈን ቀረ። ሌቦቹ ከሜይ እስከ ጁላይ መጨረሻ ተመላለሱበት። ሕዝብ የሰማው በሴፕቴምበር ነው፤ ኃላፊዋም በዚያው ወር ሥራቸውን ለቀቁ።

በ2018 የወጣው የኮንግረስ ኮሚቴ ዘገባ እንዳሳየው፣ የደኅንነት ኃላፊዋ ተጠሪነት ለሕግ ክፍሉ ሹም ነበር፤ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራው ክፍል ደግሞ በሌላ ሹም ሥር ነበር። አዛዥና ፈጻሚ ሳይገናኙ ቀሩ።

ከ2018 ወዲህ የብድር መዝገባችንን በነጻ ማስቆለፍ እንችላለን፤ ያላደረገ ያድርግ። የአባላቱን ስምና ቁጥር በኮምፒዩተር የሚያስቀምጥ ዕድርና ማኅበርም ራሱን ይጠይቅ፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው? ዘበኛው ሲጮኽስ የሚሰማው ማን ነው?