የፓምፕ ብልሽትና የኦፕሬተሩ ዕውቀት፦ ከሮቢት ሜዳ የሚነሣ ጥያቄ



በቆቦና በሮቢት ሜዳ ገበሬው ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ ወደ እርሻው እየመለሰ ማሽላና ጤፍ ሲያመርት ኖሯል። ጎርፉ ቦዩን ቢሰብረው መጠገኛው አካፋና ደቦ ነበር። በቆቦ-ጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ መሳብ ሲጀምር ግን ብልሽቱ ከዓይን ተሰወረ፤ ሰብመርሲብል ፓምፕ ከነሞተሩ የሚሠራው ጉድጓዱ ውስጥ ሰምጦ ነውና። ኦፕሬተሩ የሚያየው መቆጣጠሪያ ቦርዱን ብቻ ነው።

ከብልሽቶቹ ሁሉ በአንዱ፣ በፌዝ መጉደል ላይ ላተኩር። ከሦስቱ የኃይል መስመሮች አንዱ ሲቋረጥ በሥራ ላይ ያለ ሞተር ወዲያው አይቆምም። ያንኑ ጭነት በቀሩት ሁለት መስመሮች ለመሸከም ሲታገል በእነርሱ የሚያልፈው ከረንት እስከ 1.7 እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ጥቅልሉም ይግላል። ኦቨርሎድ ሪሌዩ ኃይሉን የሚቆርጠው ለዚህ ነው። ሽንኩርቱ የተጠማበት ገበሬ በር ላይ ቆሞ ሳለ ግን ኦፕሬተሩ ሪሌዩን ደጋግሞ ይመልሰዋል፤ ይባስ ብሎም የመቁረጫ ልኩን ከፍ ያደርገዋል። በአንድ ፊውዝ ሊታለፍ ይችል የነበረው ብልሽት ሞተር ያቃጥላል። ሞተሩን ለማውጣት ደግሞ ክሬን ወይም ፓራንኮ ቀርቦ ቧንቧው አንድ በአንድ መፈታት አለበት፤ ሰብሉ ይህን ሁሉ አይጠብቅም።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች በበረዶ መዛቂያ ማሽኖች ላይ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ብሎን አለ። ድንጋይ ሲገጥም ብሎኑ ተሰብሮ ማርሹን ያድናል። በፈንታው ጠንካራ ብሎን የሚያስር ሰው ማርሹን ይሰብራል። የሪሌዩን ልክ ከፍ የሚያደርገውም ያንኑ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ኦፕሬተሩ ሪሌዩን ከመመለሱ በፊት በሦስቱም መስመሮች መካከል ቮልቴጁን ይለካ። ፓምፑ ሲሠራም ከረንቱን በየዕለቱ ይመዝግብ፤ የትናንቱን የማያውቅ የዛሬውን ሊፈርድ አይችልም። መካኒኩ በበኩሉ ፓምፑን ከማውጣቱ በፊት ኃይሉን ዘግቶ የጥቅልሉን ኢንሱሌሽን በሜገር ይፈትሽ። ንባቡ ጤናማ ከሆነ ጥፋቱን በቅድሚያ ከመሬት በላይ ይፈልግ።

በእኔ አስተያየት ሥልጠናዎቻችን መፍታትና መግጠም ያበዛሉ፤ መለካት ይጎድላቸዋል። ለዚህ ትልቅ ወርክሾፕ አያስፈልግም። አንድ አሮጌ ቦርድና አነስተኛ ሞተር ይበቃል፦ አሠልጣኙ በስውር አንዱን ፊውዝ ያወጣል፤ ሠልጣኙ ሪሌዩን ለመመለስ እጁን ሲሰድ «ምን ለካህ?» ብሎ ይጠይቀዋል።