ሊብሬ እና ካርታ

እሑድ ጠዋት ጀሞ፣ ሰሚት ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጎራ ያለ ሰው ይህን ትዕይንት አያጣውም። ከብሎኮቹ መሃል አንድ አባወራ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ባልዲና ጨርቅ ይዞ ዲኤክስ መኪናውን ያጥባል። መኪናዋ ልጆቹን በዕድሜ ትበልጣለች። ቀለሟ ደጋግሞ ተቀብቷል፣ ሞተሯ ወርዶ ተሠርቷል፣ አንዱ የኋላ በሯ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ጎረቤት ሲያልፍ «አሁንም አልሸጥካትም?» ይለዋል። እሱም «ምን አጠፋች?» ብሎ ማጠቡን ይቀጥላል።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን የከተማዋ የሃምሳ ዓመት የጥሪት ታሪክ አለበት። መኪና ሊብሬ አለው፣ ቤት ካርታ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ የተረፈው ቤተሰብ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ከሁለቱ ወረቀቶች በአንዱ ላይ ነው። «ቀላል መኪና ንዳ፣ የተረፈህን ቤት ግዛበት» የሚለው ምክርም ከባሕር ማዶ መጥቶ በየመድረኩ መነገር ከጀመረ ቆይቷል። ምክሩ መልካም ነው። ይሁንና የበቀለበት አፈር እና የተተከለበት አፈር ለየቅል ናቸው።

ምክሩ የበቀለበት አገር

እ.ኤ.አ. በ1996 ቶማስ ስታንሊ እና ዊልያም ዳንኮ የተባሉ አሜሪካውያን «ዘ ሚሊየነር ኔክስት ዶር» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተሙ። ለዓመታት የአገራቸውን ሚሊየነሮች ሲያጠኑ ያገኙት ሰው ፊልም ላይ ከሚታየው ከበርቴ ጋር አይመሳሰልም ነበር። ብዙዎቹ ተራ ሰፈር የሚኖሩ፣ ተራ መኪና የሚነዱ፣ አንዳንዶቹም ያገለገለ የሚገዙ ሆነው ተገኙ። የዋልማርት መሥራች ሳም ዋልተን ቢሊየነር ሆኖም እስኪሞት ድረስ የነዳት አሮጌ ፎርድ ፒክአፕ ዛሬ በሙዚየም ትጎበኛለች።

ቁም ነገሩ ግን ከቁጥብነት ባሻገር ያለው ስሌት ነው። አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና ከመሸጫው ግቢ ወጥቶ መንገድ ሲይዝ ዋጋው መውረድ ይጀምራል። በዱቤ ከተገዛ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያው ባንኩ ፊት ይቆማል፤ ለቤት መግዣ የሚያበድረው ባንክ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከደመወዝህ ላይ ለሌላ ዕዳ የሚሄደው ስንት ነው?» ብሎ ነውና። ለመኪና በወር 600 ዶላር የሚከፍል ሰው ያንኑ 600 ዶላር ለቤት ዕዳ ቢያውለው፣ በ7 በመቶ ወለድና በ30 ዓመት ጊዜ 90 ሺህ ዶላር ያህል ተጨማሪ ብድር ሊሸከምለት ይችላል። አዲሷ መኪና የቤቱን አንድ ቁራሽ በላች ማለት ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እና አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ሒሳብ የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከታክሲ መሪ ነው። ያገለገለች ኮሮላ ወይም ፕሪየስ ቀን ከሌት እየነዱ የመጀመሪያ ቤታቸውን የገዙ ሰዎች ወሬ በየቡና ቤቱ አለ። የአገሩ ሥርዓትም ያግዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ዋስትና ያለው ብድር፣ መስፈርቱን ላሟላ ሰው ቅድሚያ ክፍያውን ወደ 3.5 በመቶ ያወርደዋል። ገዢው በአንዱ ክፍል ራሱ እስከኖረበት ድረስ እስከ አራት ቤተሰብ የሚይዝ ሕንፃ በዚሁ ብድር መግዛት ይችላል። አንዱን እየኖረበት የቀሩትን እያከራየ ዕዳውን በተከራይ ገንዘብ የሚከፍለው በዚህ መንገድ ነው። መንገዱ አደጋ የለውም አይባልም፤ እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ከአቅማቸው በላይ የተበደሩ ስንቶች ቤታቸውን አስረክበው ወጥተዋል።

እንግዲህ ምክሩ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዷል። መኪና ዋጋ ይቀንሳል፤ ባንክ ለ30 ዓመት ያበድራል፤ ቤት ከነመሬቱ የገዢው ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ሦስቱም ጉልቻዎች ቦታቸው ሌላ ነው።

ሐምሌ 1967

ከመጨረሻው ጉልቻ እንጀምር። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የሀብት ዋናው መልክ ቤት አከራይነት ነበር። ያለው ቪላ ሠርቶ ለውጭ ዜጋ ያከራያል፤ አነስ ያለው ከግቢው ጓሮ ሰርቪስ ቤት ደርድሮ በወር ኪራይ ልጅ ያስተምራል። ይህ ሁሉ በሐምሌ 1967 በአንድ አዋጅ ተዘጋ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደለት፤ ከዚያ በላይ ያለው ተወረሰ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት «ኪራይ ቤቶች» ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ።

ኪራዩ ሲቀነስ ተከራዩ እፎይ አለ። አከራዩ ግን ለልጁ አንድ ትምህርት አወረሰ፦ ቤት ይወረሳል። መሬት አንስቶ መሸሽ አይቻልም። በዚያ ዘመን የታክሲ ላዳ ወይም ቮልስዋገን የነበረው ሰው ሊብሬውን ከኮሞዲኖ ሥር አድርጎ የሚተኛው በሌላ ዓይነት ሰላም ነበር። መኪና ትርፍ ቤት አይባልም።

ደርግ ወድቆም መሬቱ ወደ ግለሰብ አልተመለሰም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። የሊዝ ሥርዓት በ1986 ተጀምሮ በ1994 እና በ2004 በወጡ አዋጆች ተሻሻለ፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ቤት መሸጥና መለወጥ ተፈቅዶ ካርታ እንደገና ክብሩን አገኘ። ያም ሆኖ ባለ ካርታው የያዘው የመጠቀም መብት እንጂ አፈሩን አይደለም፤ «ለልማት ይፈለጋል» የሚል ደብዳቤ የመጣ ቀን ልዩነቱ ይገባዋል።

በወር 274 ብር

ሁለተኛው ጉልቻ ብድር ነው። ለቤት የሚያበድር ተብሎ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የቤትና ቁጠባ ባንክ በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፣ በ2008 ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ጎህ ቤቶች ባንክ በዘርፉ ላይ ብቻ ለመሥራት የተነሣው በ2013 እና 2014 አካባቢ ነው። በመካከል ያለው የደመወዝተኛ ትውልድ የግል ባንክ በር ሲያንኳኳ የቤት ብድር የሚያገኘው የባንኩ ሠራተኛ ወይም ዶላር የሚያስገባ ዳያስፖራ ሆኖ ያገኘዋል።

ለተርታው ሰው የቀረበው ብድር የመጣው በኮንዶሚኒየም በኩል ነው። መርሐ ግብሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀመረ፤ በ1997ቱ ምዝገባ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። በ2005 እንደገና ሲመዘገብ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉ መስመሮች ወጡ፤ ተመዝጋቢውም ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። በ20/80 ባለ አንድ መኝታ ለሚፈልግ የወር ቁጠባው 274 ብር፣ ለባለ ሦስት መኝታ 685 ብር ነበር። ቁጥሩ ዛሬ ሲነበብ ተረት ይመስላል። 20 በመቶውን ቆጣቢው፣ 80 በመቶውን ባንክ፤ የአሜሪካኑ ሁለተኛ ጉልቻ በኢትዮጵያ ብር ማለት ነው።

ችግሩ ብድሩ ለቆጣቢው ሁሉ የሚደርሰው በዕጣ መሆኑ ነው። ሰው መቆጠብ ይችላል፤ ዕጣ ማውጣት ግን አይችልም። በ2009 የመጀመሪያዎቹ 972 የ40/60 ቤቶች ሰንጋተራና ክራውን ላይ ዕጣ ሲወጣባቸው ቅድሚያውን ያገኙት ሙሉውን ገንዘብ የከፈሉት ሆኑ፤ 40 በመቶ ቆጥቦ የጠበቀው ግን ቆሞ ተመለከተ። በሐምሌ 2014 ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል ተብሎ ተሰረዘ፤ የጥቂት ቀናት ባለቤት የነበሩ ሰዎች ደስታቸውን መልሰው አስረከቡ።

በጎማ የሚሄድ ባንክ

ዕጣው እስኪደርስ ገንዘቡ የት ይቀመጥ? የቀረው ጉልቻ፣ መኪና፣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ወግም የተገላቢጦሽ የሆነው እሱ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄደ። 100 ሺህ ብር በባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ሺህ ያገኛል፤ ዕቃው በ30 በመቶ ከተወደደ ግን የገንዘቡ አቅም ወደ 82 ሺህ ወርዷል። ሰውየው ሳያጠፋ አጠፋ።

በሌላ በኩል መኪና በአገር ውስጥ ቢገጣጠም እንኳ ዶላር ያስፈልገዋል፣ ዶላርም አልነበረም። ጉምሩክ፣ ኤክሳይስ፣ ቫት እና ሱር ታክስ ተደራርበው የትንሿን መኪና ዋጋ ከእጥፍ በላይ ያደርሱት ነበር። በቀድሞው ሕግ ኤክሳይስ የሚቆጠረው በሞተር ጉልበት ነበር፤ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። አሮጌ መኪና የግዢ ዋጋው ዝቅ ስለሚል ቀረጡም ይቀልለት ነበር፤ ከገልፍና ከአውሮፓ ያገለገሉ መኪኖች በብዛት የገቡት ለዚህ ነው። አገር ከገቡ በኋላ ግን እርጅናቸው ይቆም ነበር። ቪትዝም ሆነ ዲኤክስ ዓመታት ተነድታ ከተገዛችበት በላይ የምትሸጥባት ከተማ ሆነች አዲስ አበባ።

«ምን አጠፋች» ያለው አባወራ ያወቀው ይህንን ነው። የእቁብ ዕጣው ሲወጣለት ገንዘቡን ወደ ባንክ ሳይሆን ወደ ደላላ ይዞ ሄደ። መኪናዋ ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ሲያሻው ራይድ ወይም ፈረስ በተባሉት የታክሲ መተግበሪያዎች ገብታ ትሠራለች፣ ቦሎዋንና የሦስተኛ ወገን መድኗን ትከፍላለች። ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ቤት ሲገኝ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ትሸጣለች። አሜሪካዊው መኪናውን የሚያሳንሰው ቤት ለመግዛት ሲል ነው፤ አዲስ አበቤው ደግሞ ቤት እስኪደርስለት ጥሪቱን በመኪናው ውስጥ ያሳድራል።

ከየካቲት 2012 በኋላ

ይህን ከመኪና ወደ ቤት የሚያወጣ መሰላል በመጀመሪያ ያነቃነቀው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው። አዲሱ የኤክሳይስ አዋጅ የሞተሩን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ዕድሜንም አየ፤ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። የአሮጌ መኪና መግቢያ በር ሲጠብ አስቀድመው የገቡት ተወደዱ። ዲኤክስ የያዘ ሰው ሌሊቱን ሀብታም ሆኖ አደረ፤ ልትገዛት የቆጠበችው ነርስ ግን ገንዘቧ ሽፋኗን ለመግዛት እንኳ አልበቃ አላት።

በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንደማይገባ አስታወቀ። ኤሌክትሪኮቹ ያኔ ከኤክሳይስ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነፃ ነበሩ፤ ተሠርተው ያለቁት የሚከፍሉት ጉምሩክ 15 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቁጠባቸው በብር የነበረ ሰዎች የቤት ሕልማቸው አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ሸሻቸው።

የኤሌክትሪኳ መኪና አዲስ ጥያቄ ይዛ መጥታለች። ዋና ዋጋዋ ያለው ባትሪዋ ላይ ነው፤ ባትሪ ደግሞ ጋራዥ ወርዶ እንደ ሞተር በጉልበት አይታደስም። ሰፈር ውስጥ ያለ መካኒክ መላ የሚያበጅላት ዲኤክስ የነበራትን የ«አታረጅም» ዝና አዲሷ ገና አላገኘችም። መኪና እንደ ሌላው ዓለም ማርጀት ከጀመረች የባንክነት ዘመኗ ያበቃል። ያን ጊዜ የአሜሪካው ምክር አንደኛው ጉልቻ አዲስ አበባ ደረሰ ማለት ነው። ሁለቱ የቀሩት ግን ገና መንገድ ላይ ናቸው። ቤቱም ገዢው ብዙ እየሆነበት ነው፤ በ2017 የወጣው ሕግ ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ለሚያወጣ የውጭ ዜጋ ቤት እንዲገዛ በር ከፍቷል።

ከካርታው ማዶ

ቤትን ሀብት የሚያደርገው ኪራይ ነው፤ ኪራዩን የሚከፍል ሰው ደግሞ አለ። አንዱ ዲኤክሱን ሸጦ የገዛውን ኮንዶሚኒየም የሚያከራየው ለሌላ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የዚያ ሠራተኛ መቆጠቢያ ገንዘብ በየወሩ ወደ አከራዩ ይሄዳል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው በሚወስነው ልክ እንዲሆን የደነገገው ለዚህ ነው። ተከራይ ተረጋግቶ ካልቆጠበ የመሰላሉን የመጀመሪያ እርከን አይረግጥም። አከራዩም በ1967 የሆነውን ከአባቱ ሰምቷልና «ኪራይ» እና «አዋጅ» የሚሉ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲመጡ ይደነግጣል። ሁለቱም ፍርሃት ምክንያት አለው።

ቁጥብነትን ማመስገን ቀላል ነው፤ «ወጣቱ ቄንጥ ትቶ ቀላል መኪና ቢነዳ ቤት ይሠራ ነበር» የሚሉ መካሪዎች አይጠፉም። ግን በወር 274 ብር ለዓመታት ሲቆጥብ የነበረው ሰው ቄንጠኛ አልነበረም፤ ከቁጥብነት ጎን የጎደለው ቁጠባውን በጊዜ ተቀብሎ ወደ ቤት የሚቀይር በር ነው። ያ በር ሲከፈት መኪና ማሳነስ ሀብት ይወልዳል፤ ሲዘጋ መኪናዋ ራሷ ሀብት ትሆናለች።

ወደ እሑድ ጠዋቱ እንመለስ። አባወራው ዲኤክሱን አጥቦ ጨርሷል። ባልዲውን ደፍቶ ወደ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ቤቱ ኪራይ ነው። የቤቱ ባለቤት ከሦስት ዓመት በፊት የራሱን ዲኤክስ ሸጦ ቅድሚያ ክፍያውን የከፈለ ሰው ሲሆን ዛሬ የሚሄደው በታክሲ ነው። አንዱ ሊብሬ አለው፣ ሌላው ካርታ። የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ የኪራዩን ገንዘብ ይቆጥራሉ፤ አንደኛው ሲሰጥ፣ ሌላኛው ሲቀበል።