ጀግናው የጽዳት ሠራተኛ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ውስጥ ዊልያም ክሮፎርድ የሚባሉ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ዕጩ መኮንኖቹ የሚያድሩበትን ሕንፃ ይጠርጋሉ፣ ወለሉን ይወለውላሉ፣ መታጠቢያ ቤቱን ያጸዳሉ። ዓይን አፋር ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። ነገ የጦር መሪ ለመሆን የሚማሩት ወጣቶች በአጠገባቸው ሲያልፉ ከእግዜር ሰላምታ በላይ አይሰጧቸውም ነበር።

በ1976 ከዕጩዎቹ አንዱ የሆነው ጄምስ ሞሽጋት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኢጣሊያ ዘመቻ የሚተርክ መጽሐፍ እያነበበ ሳለ አንድ ስም ላይ ደርሶ ቆመ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1943፣ አልታቪላ አጠገብ ባለው ኮረብታ 424 ላይ የአንድ የመቶ ወታደሮች በመትረየስ ተኩስ ከመሬት ተጣብቀው ቀሩ። ተራ ወታደር ዊልያም ክሮፎርድ ማንም ሳያዛቸው ብቻቸውን ወደ ምሽጉ ተጠጉና መትረየሱን በእጅ ቦምብ ጸጥ አሰኙት። ጥቂት ቆይቶ ሌሎች ሁለት መትረየሶች ጓዶቻቸውን ሲያስጨንቁ እነዚያንም አጠፏቸው። ከውጊያው በኋላ ግን የት እንደደረሱ ጠፋ። ሞተዋል ተብሎ በ1944 የአሜሪካ ከፍተኛው የጀግንነት ሽልማት፣ የክብር ሜዳሊያ፣ ለአባታቸው ተሰጠ። እሳቸው ግን በጀርመኖች ተማርከው በሕይወት ነበሩ።

ሞሽጋት መጽሐፉን ይዞ ሄዶ ጠየቃቸው። ክሮፎርድ ገጹን አይተው እሳቸው መሆናቸውን አመኑ። ለምን እንዳልተናገሩ ሲጠየቁም በሕይወታቸው ውስጥ የአንድ ቀን ነገር እንደነበረና ብዙ ዘመን እንዳለፈው መለሱ።

ከዚያ ወዲያ የሕንፃው ነገር ተለወጠ። ወጣቶቹ «ሚስተር ክሮፎርድ» እያሉ በአክብሮት ሰላም ይሏቸው ጀመር፤ ያዝረከረኩትን ራሳቸው ማንሳት ለመዱ፤ በድግሶቻቸውም ላይ ይጠሯቸው ነበር። በ1984 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ወደ አካዳሚው የምረቃ በዓል መጥተው ሜዳሊያውን በራሳቸው እጅ ሰጧቸው። በ2000 ሲያርፉም የተቀበሩት እዚያው በአካዳሚው መካነ መቃብር ነው። ሞሽጋት ኮሎኔል ከሆነ በኋላ ከጽዳት ሠራተኛው የተማራቸውን አሥር የአመራር ትምህርቶች ጻፈ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ በጦር ትምህርት ቤቶችም በሲቪል መሥሪያ ቤቶችም ይነበባል።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት የጦር ሜዳን ጀግንነት ለሰብዕናና ለአመራር ማስተማሪያ ማድረግ ምን እንደሚመስል ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ስለሚያሳይ ነው። ወጣቶቹን መጀመሪያ ያስደነቃቸው የቦምቡ ነገር ይሆናል። የለወጣቸው ግን ሰውን በሥራው ደረጃ መመዘናቸውን ማየታቸው ነው።

በአሜሪካ ይህን ዓይነት ትምህርት በሥርዓት የያዘው የክብር ሜዳሊያ ተሸላሚዎች ማኅበር ነው። ሜዳሊያው የተጀመረው በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት፣ በ1861 ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ በ1958 በኮንግረስ ሕግ ተቋቋመ። ለመካከለኛና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያዘጋጀው የሰብዕና ግንባታ ትምህርት በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ በስድስት እሴቶች ላይ የቆመ ነው፦ ድፍረት፣ መሥዋዕትነት፣ ቁርጠኝነት፣ ታማኝነት፣ የዜግነት ኃላፊነትና የሀገር ፍቅር። ተማሪዎቹ ተሸላሚው ራሱ ፊት ለፊት ሆኖ የሚናገርበትን አጭር ፊልም ያያሉ፣ ይወያያሉ፣ ከዚያም ነገሩን ወደ ገዛ ሕይወታቸው ያመጡታል። ጓደኛህ ሲበደል ዝም ያልክበት ጊዜ አለ ወይ? ሌሎች ሳያዩህ ምን ታደርጋለህ?

ምርጫው ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ገድል ብቻ የሚተረክለት ልጅ «ይህ የእኔ ዓይነት ሰው የሚያደርገው አይደለም» ብሎ ይርቃል፤ ወይም ደግሞ ጦርነትን ይናፍቃል። በእኔ እምነት ከሁሉ የተሻሉት ምሳሌዎች ከመግደል ጋር የማይያያዙት ናቸው። ዴዝመንድ ዶስ በሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት እምነቱ የተነሣ መሣሪያ አልይዝም ያለ የሕክምና ወታደር ነበር። በልምምድ ጊዜ ጓዶቹ ሲያላግጡበት የኖሩት ይህ ሰው፣ በ1945 ኦኪናዋ ላይ ተኩስ በሚዘንብበት አፋፍ ብቻውን ቀርቶ ቁስለኞቹን አንድ በአንድ በገመድ አውርዷል። የሽልማቱ ጽሑፍ ያዳናቸውን ሰዎች 75 ያደርሳቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የአሜሪካዊው ሄሊኮፕተር አብራሪ የሂዩ ቶምፕሰን ምሳሌ ነው። ማርች 16 ቀን 1968 ቬትናም ውስጥ፣ ማይ ላይ በተባለች መንደር የአሜሪካ ወታደሮች ያልታጠቁ ሰዎችን ሲጨፈጭፉ ከሄሊኮፕተሩ ሆኖ አየ። ሄሊኮፕተሩን በወገኖቹና በሚሸሹት መንደርተኞች መካከል አሳረፈ፤ ወታደሮቹ በሰዎቹ ላይ ከተኮሱ በወታደሮቹ ላይ ተኩሱ ብሎም አብረውት የነበሩትን ላውረንስ ኮልበርንንና ግሌን አንድሪዮታን አዘዘ። ሰዎቹን አስወጣ፣ የሆነውንም ለአለቆቹ አመለከተ። ለዓመታት እንደ ከሃዲ ተቆጠረ፤ የወታደር ሜዳሊያ የተሰጠው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። በስተኋላ በወታደራዊ አካዳሚዎች እየተጋበዘ ለዕጩ መኮንኖች ይናገር ነበር። አንድ ሠራዊት የራሱን ጥፋት የመሰከረበትን ሰው አርአያ አድርጎ ለነገ መሪዎቹ ማቅረቡ ቀላል ነገር አይደለም። እኔን የሚያሳምነኝም ይህ ነው፤ ጀግንነትን የሚያስተምር ክፍል «እምቢ» ያለውን ሰው ካላካተተ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው።

እኛም ለዚህ ሩቅ አይደለንም። የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃዎች በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሆነው ነው፤ ከ120 በላይ ወገኖቻችንም እዚያ ወድቀዋል። በአዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ፉከራና ቀረርቶ ያለው ሕዝብ ጀግናውን ማወደስ አያቅተውም። ብዙ ጊዜ የሚጎድለን፣ ያ ጀግና ሲፈራ ምን እንዳደረገ፣ የቆሰለ ጓዱን እንዴት እንደተሸከመ፣ ምርኮኛን እንዴት እንደያዘ፣ አገሩ ሲመለስስ እንዴት እንደኖረ ጠይቆ መመዝገቡ ነው።

ስለዚህ የግብረ ገብና የታሪክ መምህራን፣ በየሰፈራችሁ ያሉትን አዛውንት ወታደሮች ተማሪዎቻችሁ ሄደው እንዲጠይቋቸው አድርጉ። ከኮሪያ ዘማቾቹ በሕይወት ያሉት ዕድሜያቸው ዘጠና ገደማና ከዚያ በላይ ሆኗልና ለሚቀጥለው ዓመት አታቆዩት።