አሠሪው «አላወቅሁም» ቢል

ቤት አን ፋራገር እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 በፍሎሪዳዋ ቦካ ራቶን ከተማ ባሕር ዳርቻ የነፍስ አድን ሠራተኛ ነበረች። አንደኛው አለቃዋ ያለፈቃዷ ይነካካታል፤ ሌላው ደግሞ አብራው ካልወጣች ዓመቱን ሙሉ ሽንት ቤት እንደሚያሳጥባት ይነግራታል። ከተማው ትንኮሳን የሚከለክል መመሪያ ነበረው፤ ባሕር ዳርቻ ላሉት ሠራተኞች ግን አላደረሰውም።

ዋጋ ያስከፈለውም ይኸው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ከተማውን 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ተጠያቂ አደረገው። ከከተማው የተፈረደላት ካሳ 1 ዶላር ብቻ ቢሆንም፣ ውሳኔው የአሜሪካ አሠሪዎችን ሁሉ አነቃ።

በውሳኔው መሠረት፣ አለቃ ትንኮሳውን በማባረር፣ ከደረጃ ዝቅ በማድረግ ወይም ዕድገት በመከልከል ካጀበው ለድርጅቱ ማምለጫ የለም። እንዲህ ያለ ርምጃ ካልተወሰደ ግን አሠሪው ሁለት ነገር አስረድቶ ነፃ ሊወጣ ይችላል፦ ትንኮሳን ለመከላከልና ፈጥኖ ለማረም ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን፤ ሠራተኛዋም ያለበቂ ምክንያት በተዘረጋላት የአቤቱታ መንገድ አለመጠቀሟን። አንዱ ብቻ አይበቃም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትማ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ተንኳሹ ተራ ባልደረባ ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል፤ አሠሪው እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ዝም ብሏል ወይ?

ይህን ትንኮሳ የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የሚሠራው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ነው። ስድስት ሰው የቀጠረ የሐበሻ ምግብ ቤት ግን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሆነ አይዝናና፤ የከተማዋ የሰብአዊ መብት ሕግ አንድ ሠራተኛ ያለውንም ይይዛል።